ውሻና የአለርጂ ሕመምተኛ በአንድ ግቢ
(በሬዲዮ ከቀረበ የጤና ትምህርት)

በዛሬው ፕሮግራማችን ከብዙ ቤተሰቦች በተደጋጋሚ በሚነሣ አንድ ጉዳይ ላይ እንነጋገራለን። ጉዳዩም፣ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ውሻ ማሳደር ይቻላል ወይ? የሚል ነው።

እንደሚታወቀው በካርቱም የሚኖረው ወገናችን ውሻ የሚያሳድገው ለጨዋታ ሳይሆን ለጥበቃ ነው። በዴምም ሆነ በጅሬፍ ወይም በሀጅ ዩሱፍ፣ ባልና ሚስት ሥራ ውለው ሲመሽ የሚመለሱበት ግቢ ያለ ውሻ ጭር ያለ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ በኋላ ደግሞ የቤት ዝርፊያ የሁሉም ሰቀቀን ስለሆነ ውሻው የቤተሰቡ ዘብ ሆኗል። ታዲያ በዚህ መካከል አንድ ልጅ ሌሊት ሌሊት እየሳለ ሲታፈን እናቱ «ውሻው ይውጣልኝ» ትላለች። አባት «ሌባ ቢመጣስ ማን ያስነሣናል?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የዛሬው ትምህርት ዓላማም ሁለቱ ተረዳድተው የሚወስኑበትን እውቀት ማካፈል ነው።

አለርጂ ምንድን ነው?

ሰውነታችን ከበሽታ የሚከላከልልን የራሱ ጠባቂ አለው። አለርጂ ያለበት ሰው ጠባቂ ግን እንግዳን ከሌባ መለየት ያቃተው ውሻ ይመስላል። ምንም የማይጎዳ ነገር ሲመጣ ጠላት መጣ ብሎ ይነሣል። በዚህ ጊዜ አፍንጫ ይፈሳል፣ ማስነጠስ ይበዛል፣ ዓይን ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ቆዳ ሽፍ ይላል። የመተንፈሻ ቱቦ ሲቆጣ ደግሞ ውስጡ ያብጣል፣ ይጠባል፣ አክታ ይይዛል። ያን ጊዜ ደረት ሲር ሲር እያለ ያፏጫል። ይህ አስም የምንለው ነው። ሱዳኖች አለርጂን «ሀሳሲያ»፣ አስምን «አዝማ» ይሉታል። ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሰይደሊያ ስትሄዱ እነዚህን ሁለት ቃላት መያዝ ይጠቅማል።

ችግሩ ከጸጉሩ ነውን?

ብዙ ሰው «ጸጉሩን ብንቆርጠውስ?» ወይም «ጸጉሩ አጭር የሆነ ውሻ ብናመጣስ?» ይላል። አለርጂውን የሚያስነሣው ግን ጸጉሩ ራሱ አይደለም። በውሻው ምራቅ፣ በቆዳው ቅርፊት (ፎረፎር) እና በሽንቱ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ውሻው ራሱን ሲልስ ምራቁ በጸጉሩ ላይ ይደርቃል፤ ከፎረፎሩ ጋር ሆኖም በዓይን የማይታይ ብናኝ ይሆናል። በመሆኑም ጸጉሩ ረጅምም ሆነ አጭር፣ አበሻ ውሻም ሆነ የፈረንጅ፣ ፈጽሞ አለርጂ የማያስነሣ ውሻ የለም። «ይህ ዘር አለርጂ የለውም» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ይህ ብናኝ በጣም ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋል። በፍራሽ፣ በምንጣፍ፣ በመጋረጃና በልብስ ላይ ይጣበቃል። ውሻ የሌለው ቤት እንኳ በጎብኚዎች ልብስ አማካይነት ሊደርሰው ይችላል። ውሻው ከቤት ከወጣ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ስለዚህ «ውሻውን ሁለት ቀን አርቀን አየነው፣ ልጁ አልተሻለውም፤ እንግዲህ ከውሻው አይደለም» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

በእርግጥ ከውሻው ነውን?

ውሻውን ከመክሰሳችን በፊት ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች እንይ። ካርቱም ደረት የሚፈትን ከተማ ነው።

አንደኛ፣ ሀቡብ። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚነሣው የአቧራ ማዕበል አስም ያለበትን ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያስነሣው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ኒሚቲ። በብርዱ ወራት ከዓባይ ተነሥታ ማታ ማታ መብራት የምትከብ ትንሽ አረንጓዴ ዝንብ ናት። አትነክስም፤ ነገር ግን ሞታ ስትደርቅ ብናኟ አስምና የአፍንጫ አለርጂ ያስነሣል። ይህ በካርቱምና በዋዲ ሃልፋ በሐኪሞች ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው። ሕመሙ በብርዱ ወራት ብቻ የሚብስ ከሆነ፣ በሩ ላይ ያለው መብራት ከውሻው ይልቅ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጭስ። የከሰል ጭስ፣ ሲጋራ፣ ሺሻ፣ የሱዳኖች ቡኹር፣ የእኛም የቡና ቁሌትና ዕጣን የመተንፈሻ ቱቦን ያስቆጣሉ። ቡና እንዲቀር አንልም፤ ቡናው ውጭ ወይም በራኩባው ሥር ይቆላ፣ ዕጣኑም ሕመምተኛው ባለበት ክፍል አይጨስ።

አራተኛ፣ ሌላ በሽታ። ጉንፋን ትኩሳት ሊኖረው ይችላል፣ ብዙውን ጊዜም በ10 ቀን ውስጥ ይለቃል። አለርጂ ትኩሳት የለውም፣ ማሳከክ ይበዛዋል፣ ይመላለሳል። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ደም ካለው አክታ ጋር ከሆነ ግን የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል «አለርጂ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል።

ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ማስታወሻ መያዝ ነው። ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ሕመሙ ሲነሣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ ጻፉ። ከውሻው ጋር ከተጫወተ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ዓይኑ የሚያሳክከው፣ ውሻው የላሰው ቆዳ ላይ ሽፍታ የሚወጣበት፣ ወደ ዘመድ ቤት ሲሄድ የሚሻለው፣ ሲመለስ የሚብሰው ልጅ ምልክቱ ወደ ውሻው ይጠቁማል። ማስታወሻውን ለሐኪሙ አሳዩት።

ውሻው እንዲኖር ከተወሰነ ምን እናድርግ?

እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚሻለው ውሻው ከቤቱ መራቁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጉዳቱን ይቀንሳሉ እንጂ ፈጽመው አያጠፉትም። ሆኖም ሕመሙ ቀላል ከሆነ ብዙ ቤተሰብ በእነዚህ ይጠቀማል።

1. ውሻው ቤት ውስጥ አይግባ። በተለይ ሕመምተኛው የሚተኛበት ክፍል ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አይግባ። ሰው የዕለቱን ሲሶ የሚያሳልፈው በመኝታው ላይ ነውና። በአገራችን ልማድ ውሻ ከደጅ ነው የሚውለው፤ ሙስሊም ወገኖቻችንና የሱዳን ጎረቤቶቻችንም ውሻ ወደ ማደሪያ ክፍል እንዲገባ አይፈልጉም። ይህ መልካም ልማድ ለደረትም መድኃኒት ነው።

2. ለውሻው የራሱን ቦታ ሥሩለት። ከበሩ አጠገብ፣ ከመኝታ መስኮት ራቅ ያለ ጥላ ይሁን። የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ጥላና ውሃ ያጣ ውሻ ወደ ቤት ሾልኮ መግባቱ አይቀርም። በሙቀት ጊዜ ቤተሰቡ ግቢ ውስጥ አንገሬብ ዘርግቶ የሚያድር ከሆነ የሕመምተኛው አንገሬብ ከውሻው በጣም ይራቅ፤ ውሻውም በላዩ አይተኛ።

3. ውሻውን አለርጂ የሌለበት ሰው ያጥበው። በሳምንት 2 ጊዜ ማጠብ ብናኙን ይቀንሳል፤ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚመለስ አንድ ጊዜ አጥቦ መተው ዋጋ የለውም። ውሃ ከተቸገራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ማበስም ከምንም ይሻላል። ጸጉሩን ማበጠርም ውጭ ይሁን፣ ሕመምተኛው በሌለበት።

4. ቤት ስትጠርጉ አቧራ አታስነሡ። መሬቱ አፈር ከሆነ ውሃ እርጭ እርጭ አድርጉ፤ ሲሚንቶ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ሕመምተኛው በዚያ ሰዓት ውጭ ይቆይ። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ከመኝታ ክፍሉ ይውጣ።

5. አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠብ።

6. ውሻውን የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ልጁ ውሻውን አቅፎ ከዋለ ልብሱን ሳይቀይር አይተኛ። እጅ መታጠብ ከአለርጂ ሌላ ከውሻ ኮሶም ያድናል። የውሻ ኮሶ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ የሚያወጣ አደገኛ በሽታ ስለሆነ፣ ከታረደ በግ ወይም ግመል የወጣ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ አትስጡ።

መድኃኒትን በሚመለከት

እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉ የአለርጂ ክኒኖች ማስነጠስና ማሳከክን ያስታግሳሉ። ክሎርፌኒራሚንም ይረዳል፣ ግን እንቅልፍ ያመጣል። እነዚህ ክኒኖች አስምን አያክሙም። የደረት ማፏጨት መድኃኒቱ የሚነፋው፣ ሱዳኖች «በኻኽ» የሚሉት ነው።

የሚነፋው መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው። ሳልቡታሞል (ብዙውን ጊዜ ሰማያዊው) የጠበበውን ቱቦ ወዲያው ይከፍታል፤ እብጠቱን ግን አያክምም። ስቴሮይድ ያለበት ዓይነት ቀስ በቀስ እብጠቱን ያጠፋል፤ በየቀኑ፣ ሕመም ባይኖርም ይወሰዳል፣ ከዚያም አፍ በውሃ ይጉመጠመጣል። ሰማያዊውን በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ የሚፈልግ ሰው አስሙ በቁጥጥር ሥር አይደለም፤ ሐኪም ማየት አለበት። በየጊዜው ወደ ሰይደሊያ ሄዶ የስቴሮይድ መርፌ መወጋት ዛሬ ያሽላል፤ ሲደጋገም ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርንና የደም ግፊትን ይጨምራል።

ለልጆች መድኃኒቱ በደንብ እንዲገባ የግማሽ ሊትር የላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ይበቃል። ከታች በቂጡ በኩል የመንፊያው አፍ ጥብቅ ብሎ የሚገባበት ቀዳዳ ይበጅለታል። በሳሙና ይታጠብና ሳይወለወል በራሱ ይደርቃል። ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ይነፋል፣ 5 ወይም 6 ጊዜ በዝግታ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይነፋል። በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ይህ ጠርሙስ ከሱቅ ከሚገዛው የማይተናነስ መሆኑን አሳይቷል።

ወዲያውኑ ወደ ሕክምና የሚያስሮጡ ምልክቶች

• አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚያጥረው
• ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መካከል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ
• ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ የሚጠቁር
• የሚያንቀላፋ፣ ሕፃን ከሆነ መጥባት የማይችል
• ሰማያዊው ተነፍቶለት ያልተሻለው ወይም ከ4 ሰዓት ሳይቆይ የሚመለስበት

እንዲህ ያለ ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አይተኛ። ሳልቡታሞል በጠርሙሱ 4 ጊዜ፣ አንድ በአንድ ይነፋለት፤ ካልተሻለው በየ20 ደቂቃው እየተደገመ መንገድ ይጀመር። ሌሊት ነው፣ መንገዱ ያስፈራል ብሎ እስኪነጋ መጠበቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ስለዚህ ከወዲሁ የትኛው ጎረቤት ተሽከርካሪ እንዳለው፣ የትኛው ጤና ጣቢያ ሌሊት እንደሚከፍት ጠይቃችሁ እወቁ።

ውሻው መሄድ ያለበት መቼ ነው?

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ተደርገው፣ መድኃኒቱም በትክክል ተወስዶ ልጁ አሁንም ሌሊት የሚታፈን ከሆነ፣ ወይም በአስም ምክንያት አንድ ጊዜም ቢሆን ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነና ምልክቱ ወደ ውሻው ከጠቆመ፣ ውሻው ይሂድ። ሌባ የወሰደው ዕቃ ይተካል፤ ትንፋሽ አይተካም።

ሆኖም ውሻውን አውጥቶ መንገድ ላይ መጣል መፍትሔ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ባለቤቶቻቸው የሸሹ ብዙ ውሾች በካርቱም ጎዳናዎች ቀርተዋል። ያልተከተበና የተራበ ውሻ ለሰፈሩ ሕፃናት ሁሉ አደጋ ነው። ሰፊ ግቢ ላለው፣ አለርጂ ለሌለበት ሰው ስጡት፤ ከተቻለም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት። ሱዳኖች ይህን በሽታ «ሱዓር» ይሉታል። ማንም ሰው ውሻ ቢነክሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት ይሂድ፤ በሽታው አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውምና።

ጥበቃውንም ባዶ አትተዉት። ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ ተራ ገብቶ ቢጠብቅ፣ የአንዱ ውሻ ለሦስት ቤት ቢጮኽ፣ በሩ ላይ ባዶ ቆርቆሮ ቢንጠለጠል ሌባ ይነቃበታል። ልጁም ውሻውን ይወደው ይሆናልና ለምን እንደሚሄድ በገርነት ይነገረው፤ «አንተ ስላመመህ ነው» ብሎ ጥፋተኛ ማድረግ ግን አይገባም።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬውን በዚህ አበቃን። ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። የልጁን ሳል ማስታወሻ ግን ዛሬ ማታውኑ ጀምሩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።