ዛር በሐኪም መዝገብ ውስጥ

የአእምሮ ሕመም የሚለየው በደም ወይም በራጅ ምርመራ ሳይሆን በአብዛኛው ታማሚው በሚናገረውና ሐኪሙ በሚያየው በመሆኑ፣ አንድ ማኅበረሰብ ደዌ የሚለውን ሌላው ላይለው ይችላል፤ ለዚህም ጎንደር የቆየች ምስክር ናት። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በከተማዋ ዛር የተባለውን በሰው ላይ ያድራል የሚባል መንፈስ ሥርዓት ሲመዘግብ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ በከበሮና በጭብጨባ መካከል ባለዛሩ ሲያጓራ፣ ዛሩም በፉከራ ማንነቱን ሲገልጽ ተመልክቷል። ሌላው ተመራማሪ ሲሞን ሜሲንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት የዛርን ማኅበር የቡድን ሕክምና ዓይነት አድርጎ ተርጉሞታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የምርመራ መመሪያ አባሪ ላይ ኢትዮጵያን ጠቅሶ ዛርን ቢያሰፍርም፣ ሁኔታው በአካባቢው እንደ በሽታ እንደማይቆጠር መግለጹ ተገቢ ጥንቃቄ ነበር።

ይሁን እንጂ በሕመም አሰያየም ላይ የሚነሣው ትችት ሕክምናን እስከ መካድ ሊደርስ አይገባም፤ ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ከእውነታ የሚያርቅ ጽኑ ሕመም፣ በመድኃኒት ይረግባል፣ መድኃኒቱ ግን መንቀጥቀጥና የክብደት መጨመር ሊያስከትል ስለሚችል ታማሚው ይህን አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው። ጠበል የሚያስጠምቅ ቤተሰብ ታማሚውን በሰንሰለት አይሰር፣ መድኃኒቱንም አያስቋርጥ፤ ሐኪሙም የሕመሙን ስም ከመጻፉ በፊት ታማሚው ሕመሙን ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጠይቅ።