«ቅጂ አለን» የምንለው መቼ ነው?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አበው። መረጃ ከጠፋ በኋላ ስለ ባክአፕ ማውራትም እንዲሁ ነው። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን ከዚህ የባሰውን፣ ቅጂ አለን ብሎ ተማምኖ መተኛትን ነው።

ሊኑክስ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ በአይቢኤም ሜይንፍሬም ላይ ይሠራል። ዜድ/ቪኤም የተባለው ሶፍትዌር ግዙፉን ማሽን ለብዙ ሊኑክሶች ያከፋፍላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ማሽን ያለው ይመስለዋል። ስለዚህ አስተዳዳሪው ሊኑክሱን ሳይነካ፣ ከውጭ ሆኖ ዲስኩን እንዳለ ወደ ቴፕ መገልበጥ ይችላል። ፈጣንም ቀላልም ነው። ጣጣው ግን እዚህ ላይ ነው።

ሊኑክስ የተሰጠውን ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አይጽፍም፤ ለፍጥነት ሲል ለጥቂት ሴኮንዶች በሜሞሪ ያቆየዋል። የዕቁብ ጸሐፊ የአምስት ሰው ገንዘብ ተቀብሎ፣ የሁለቱን ጽፎ የሦስቱን በልቡ እንደያዘ ደብተሩን ፎቶ ብናነሳው፣ ፎቶው ቢጠራም ሒሳቡ ጎዶሎ ነው። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የደረሰውም ይኸው ነበር። በየሳምንቱ «ቅጂው ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይመጣ ነበር፤ ዲስኩ በተበላሸ ዕለት ግን ዳታቤዙ አልከፈት አለ።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። አንደኛ፣ ዲስኩን ከውጭ ስንገለብጥ ሊኑክሱን መዝጋት፤ መዝጋት ካልተቻለ በሜሞሪ ያለውን አስጽፎ፣ ጽሕፈቱን ለአፍታ አግዶ የዲስኩን ቅጽበታዊ ቅጂ መውሰድ። ዳታቤዝ ካለ በራሱ መሣሪያ መቅዳት ይሻላል። ሁለተኛ፣ በየዕለቱ የተለወጡትን ፋይሎች ከሊኑክሱ ውስጥ ሆኖ መቅዳት። የመጀመሪያው የሞተውን ማሽን ያስነሣል፤ ሁለተኛው የጠፋችውን አንዲት ፋይል ይመልሳል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ሦስተኛው፣ ቅጂውን ከዋናው አርቆ ማስቀመጥና አውጥቶ መፈተን ነው። ይህን ከእኛው ታሪክ እናውቀዋለን። ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀርቶ ሌላው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ነገር ግን ፊልሙ መደርደሪያ ላይ በመቀመጡ ብቻ አልዳነም፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት እያነበቡ ዝርዝሩን ስላዘጋጁት እንጂ።

የማኅበሮቻችን መዝገብ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠብን እኛም ልብ እንበል። ተመልሶ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ፣ ቅጂ ሳይሆን ተስፋ ነው።

ዋይትሆል፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ