የመጀመሪያ ሄሊኮፕተራችሁን ከመግዛታችሁ በፊት

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ? እኔ የለቀምኩት የሄሊኮፕተር ስብርባሪ ነው።

በቬትናም ጦርነት ፊልሞች የምናየውን «ሂዊ» በሪሞት የሚበር ሞዴል ስገዛ ውበቱን ብቻ ነበር ያየሁት። የወራት ቁጠባዬ ሁለት ሜትር እንኳ ሳይነሳ ተገልብጦ ወደቀ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ የጥገና ወጪ ሳላሰላ!

እናንተ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌተር ተለማመዱ፤ እዚያ ብትከሰክሱት ምንም አትከፍሉም። አፍንጫው ወደ እናንተ ሲዞር ግራና ቀኙ ይገለበጥባችኋል፤ የኔን የጣለውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ «450» የሚባለውን መጠን ያለ ቦዲ ግዙ። የዋናው ሮተር ስፋት 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከማስመጣታችሁ በፊት ግን ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጉምሩክን ጠይቁ።

አየር ላይ አንድ ቦታ ረግቶ ማቆም ስትችሉ ቦዲውን አልብሱት። ክብደት ስለሚጨምር ባትሪውን ወደፊት ወደኋላ እያደረጋችሁ ሚዛኑን ከዋናው ዘንግ ሥር አሳርፉ። ንዝረት ብሎን ይፈታል፤ ብረት ከብረት የሚያያዙትን በብሎን ማጣበቂያ እሰሩ። ስታበሩም ከሰው ራቁ፤ ሮተሩ ይቆርጣል።

የኔ ሂዊ ቦዲ ተጠግኖ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አሁን ግን አልቸኩልም።