አሜሪካውያን «አንድነት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ቶማስ ጄፈርሰን በመጋቢት 1801 ለፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ የፈጸሙት እጅግ መራራ ከሆነ ምርጫ በኋላ ነበር። በንግግራቸውም ሁላችንም ሪፐብሊካን ነን፣ ሁላችንም ፌዴራሊስት ነን ብለው የተሸነፉትን ለማለሳለስ ሞከሩ። ከ220 ዓመት በኋላ፣ በጥር 2021፣ ጆ ባይደን የኮንግረሱ ሕንፃ በተወረረ በሁለተኛው ሳምንት እዚያው ሕንፃ ፊት ቆመው የበዓለ ሲመታቸውን ንግግር በአንድነት ላይ መሠረቱ።

ሁለቱም የጠሩት ቃል አንድ ቢሆንም ትርጉሙ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ተረጋግቶ አያውቅም። ክርክሩ የሚሽከረከረው በሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው። አንድ የሆነው ማን ነው፤ ግዛቶቹ ወይስ ሕዝቡ? በአንድነቱ ውስጥ ማን ይቆጠራል? አንድነትን በግዴታ ማምጣትስ ይቻላል? (በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የግዛቶች ውል ወይስ የአንድ ሕዝብ መንግሥት?

በ1781 የጸናው የአሥራ ሦስቱ ግዛቶች የመጀመሪያ የኅብረት ሰነድ ለማዕከሉ ብዙም ሥልጣን አልሰጠም። ኮንግረሱ ግብር መጣል ስለማይችል ገንዘብ ሲያስፈልገው ግዛቶቹን ይለምናል፤ ሰነዱን ለማሻሻልም የሁሉም ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ለነፃነት ጦርነቱ ዕዳ መክፈያ በገቢ ዕቃ ላይ አምስት በመቶ ቀረጥ ይጣል የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ከሁሉ ትንሿ ሮድ አይላንድ በ1782 አልፈቅድም በማለቷ ወደቀ። በ1786 በማሳቹሴትስ ዕዳና ግብር ያስመረራቸው ገበሬዎች በቀድሞው የጦር መኮንን በዳንኤል ሼይስ መሪነት ሲያምፁም ኮንግረሱ ሊያስቆማቸው አልቻለም።

በቀጣዩ ዓመት ፊላዴልፊያ ላይ የተሰበሰቡት 55 ልዑካን አዲስ ሕገ መንግሥት ጻፉ። የመግቢያው ረቂቅ የግዛቶቹን ስም አንድ በአንድ ይዘረዝር ነበር፤ የመጨረሻውን ጽሑፍ ያሰናዳው ኮሚቴ ግን ዝርዝሩን አውጥቶ «እኛ የዩናይትድ ስቴትስ ሕዝብ» አለ። ሰነዱ በዘጠኝ ግዛቶች ሲጸድቅ ሥራ ስለሚጀምር የትኞቹ እንደሚገቡ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም ነበር። ለውጡ ከዚህ አልፎ የሥልጣን ምንጭን እንደሚነካ ግን ተቃዋሚዎች ወዲያው ገባቸው። ፓትሪክ ሄንሪ በ1788 በቨርጂኒያ የማጽደቂያ ጉባኤ ላይ፣ «እኛ ግዛቶች» በማለት ፈንታ «እኛ ሕዝቡ» እንድትሉ ማን ፈቀደላችሁ ሲሉ ሞገቱ።

ተቃዋሚዎቹ ሪፐብሊክ የሚበጀው ለትንሽ አገር ነው የሚለውን የፈረንሳዊውን ፈላስፋ የሞንተስኪዩን ሐሳብም ይጠቅሱ ነበር። አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ ሕገ መንግሥቱን ለመደገፍ በብዕር ስም ካሳተሟቸው 85 የ«ፌዴራሊስት» ጽሑፎች ውስጥ ለሰፊዋ አገር አንድነት ሁለት የተለያዩ መልሶች ይገኛሉ። በሁለተኛው ጽሑፍ ጄይ፣ አሜሪካውያን ከአንድ የዘር ግንድ የወጡ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩና አንድ ሃይማኖት የሚከተሉ አንድ ሕዝብ ናቸው ይላሉ። ይህ ያኔም ቢሆን እውነቱን አይገልጽም ነበር፤ በፔንሲልቬኒያ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ሞልተው ነበር፤ በ1790 በተደረገው የመጀመሪያ ቆጠራም ከመቶው ሕዝብ 18 ያህሉ በባርነት የተያዙ ነበሩ።

ማዲሰን በአሥረኛው ጽሑፍ ሌላ መንገድ ይይዛሉ። ሰው ነፃ እስከሆነ ድረስ በጥቅምም በአመለካከትም መከፋፈሉ አይቀርም፤ አገሩ ሲሰፋና ቡድኑ ሲበዛ ግን አንዱ ብቻውን አብላጫ ሆኖ ሌላውን መጨቆን ይቸግረዋል። ለጄይ አንድነት የሚመነጨው ከመመሳሰል ነው፤ ለማዲሰን ግን በአግባቡ የተያዘ ልዩነት ራሱ የአገር ጠባቂ ነው። ዛሬ ስለ ስደተኞች፣ ስለ ቋንቋና ስለ ታሪክ ትምህርት በአሜሪካ የሚደረገው ሙግት በአመዛኙ ከእነዚህ ሁለት መልሶች በአንዱ ላይ ይቆማል።

የፊላዴልፊያው ስምምነት ዋጋም ነበረው። የደቡብ ግዛቶች ጥለው እንዳይወጡ ሲባል፣ በባርነት ያለ ሰው ለምክር ቤት መቀመጫ ስሌት የሰው ሦስት አምስተኛ ሆኖ እንዲቆጠር፣ ባሪያ ከውጭ ማስገባት እስከ 1808 እንዳይከለከል፣ ያመለጠውም ለአሳዳሪው እንዲመለስ ተደረገ። የኅብረቱ ዋጋ የተከፈለው በጉባኤው ድምፅ ባልነበራቸው ሰዎች ነው።

ከኅብረቱ መውጣት ይቻላል?

ግዛቶች የማዕከሉን ሕግ አንቀበልም ሊሉ ይችላሉ የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የደቡብ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። ታሪኩ ግን እንዲያ አይደለም። በ1798 መንግሥትን የሚተቹ ጸሐፊዎችን የሚያሳስር ሕግ ሲወጣ፣ ይህን ክርክር በኬንታኪና በቨርጂኒያ ምክር ቤቶች በኩል ያነሡት ራሳቸው ጄፈርሰንና ማዲሰን ነበሩ። በ1814 ከብሪታንያ ጋር የተደረገው ጦርነት ንግዳቸውን የጎዳባቸው የሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች ሃርትፎርድ ላይ ተሰብስበው በማዕከሉ ላይ ያላቸውን ቅሬታ ዘረዘሩ። በ1832 ደቡብ ካሮላይና የፌዴራሉ የገቢ ቀረጥ በምድሬ አይሠራም ብላ አወጀች፤ የሐሳቡ አባት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጆን ካልሁን ነበሩ። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን፣ ራሳቸውም የደቡብ ሰውና የባሪያ አሳዳሪ ሆነው ሳለ፣ በኃይል እንደሚያስከብሩት ዛቱ፤ ነገሩም ቀረጡን በሚቀንስ ስምምነት በረደ። የግዛት መብት ክርክር እንግዲህ በማዕከሉ ሥልጣን ያጣ ወገን ሁሉ የሚያነሣው መሣሪያ ሆኖ ኖሯል።

የባርነት ጉዳይ ግን በቀረጥ ቅናሽ የሚበርድ አልነበረም። አሥራ አንድ የደቡብ ግዛቶች በ1860 እና በ1861 መገንጠላቸውን ሲያውጁ፣ አብርሃም ሊንከን ኅብረቱ ከሕገ መንግሥቱም በዕድሜ ይበልጣል፤ ውል ቢሆን እንኳ አንዱ ወገን ብቻውን አያፈርሰውም ብለው ተከራከሩ። ጥያቄው የተቋጨው ከ600 ሺህ በላይ ሰው በፈጀ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1869 በቴክሳስ ጉዳይ በሰጠው ብይን፣ ኅብረቱም በውስጡ ያሉት ግዛቶችም የማይፈርሱ ናቸው፣ በአንድ ወገን ፈቃድ መገንጠልም አይቻልም አለ።

በአንድነቱ ውስጥ ማን ይቆጠራል?

ከባርነት አምልጠው ታላቅ ተናጋሪ የሆኑት ፍሬድሪክ ዳግላስ በሐምሌ 1852 በሮቼስተር ከተማ ስለ ነፃነት ቀን እንዲናገሩ ተጋብዘው፣ ይህ በዓል የእናንተ እንጂ የእኔ አይደለም አሏቸው። ሊንከንም ቢሆኑ በነሐሴ 1862 ለአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ በጻፉት ደብዳቤ፣ ዓላማቸው ኅብረቱን ማዳን እንደሆነ፣ አንድም ባሪያ ነፃ ሳያወጡ ቢቻል ያን እንደሚያደርጉ ገልጸዋል። በዚያው ሰዓት ግን የነፃነት አዋጁን ለሚኒስትሮቻቸው አሳይተው ነበር። ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ኅብረትና ነፃነት ሊነጣጠሉ አልቻሉም፤ በ1865 ባርነት ተሻረ፤ በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያም በአሜሪካ ምድር ተወልዶ ለሕጓ ተገዥ የሆነ ሁሉ ዜጋ ነው አለ።

ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ሌላ ዓይነት አንድነት መጣ። በ1877 የፌዴራሉ ጦር በደቡብ ለጥቁሮች መብት የሚሰጠው ጥበቃ ሲያበቃ ሰሜንና ደቡብ መታረቅ ጀመሩ። በ1913 ከ50,000 በላይ የሁለቱም ወገን አርበኞች ጌቲስበርግ ላይ ተገናኝተው ተጨባበጡ፤ ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰንም ጠቡ መረሳቱን አወደሱ። በዚያው ዓመት የዊልሰን አስተዳደር በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሠራተኞችን መለየት አስፋፋ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በሚያዝያ 1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት ሲጽፉ የወቀሱትም ይህንኑ አስተሳሰብ ነው፤ ፍትሕ ከማምጣት ይልቅ ፀጥታን የሚመርጡት ለዘብተኞች ትግሉን ከግልጽ ጠላት በላይ እንዳሰናከሉት ተናግረዋል።

በግዴታ አንድ መሆን

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ በፔንሲልቬኒያ የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ አንሰጥም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ጉዳዩን በ1940 ያየው ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ በትምህርት ቤቱ ፈረደ። ብይኑን የጻፉት ከቪየና በልጅነታቸው የተሰደዱት ዳኛ ፊሊክስ ፍራንክፈርተር ሲሆኑ፣ ክርክራቸው የአገር ደኅንነት መሠረቱ ብሔራዊ አንድነት ነው የሚል ነበር። ከብይኑ በኋላ በእምነቱ ተከታዮች ላይ በየቦታው ጥቃት ተፈጸመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤቱ በዌስት ቨርጂኒያ ጉዳይ 6 ለ 3 ራሱን አረመ። ዳኛ ሮበርት ጃክሰን አስተሳሰብን በግድ አንድ ማድረግ የሚያስገኘው የመቃብር ቦታ ስምምነት ብቻ ነው ብለው ጻፉ። ብይኑ የተነበበው ሰኔ 14 ቀን 1943፣ በራሱ በሰንደቅ ዓላማ ቀን ነበር።

ይኸው ሙግት በስደተኞች ላይም ተካሂዷል። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1915 ከአሜሪካዊነቱ ጎን የትውልድ አገሩን ስም የሚያስከትል ዜጋን አጥብቀው ሲያወግዙ፣ ፈላስፋው ሆራስ ካለን በዚያው ዓመት እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ባህሉን ይዞ የሚኖርባትን አሜሪካ አለሙ። በ1924 የወጣው ሕግ ለሰሜንና ምዕራብ አውሮፓ ሰዎች አድልቶ ኮታ ሲመድብ ለመመሳሰል ወገነ፤ የ1965ቱ ሕግ ያን ኮታ አፈረሰው። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግና ከ1990ው ሕግ የመነጨው የዲቪ ሎተሪ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ያስገቡት በተከፈተው በር ነው። ከእነዚህ ወላጆች በሜሪላንድ ወይም በሚኒሶታ የሚወለድ ልጅ ለዜግነቱ የሚጠቅሰው የ1868ቱን ማሻሻያ ነው። በጥር 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በመወለድ የሚገኘውን ዜግነት የሚያጠብብ ትእዛዝ ፈርመው ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት በማምራቱ፣ ማን ይቆጠራል የሚለው ክርክር እንደገና ተከፍቷል።

የአሜሪካ ታሪክ አንድነትን የሚሰብኩትን አያሳፍርም፤ ሒሳቡን ግን ያሳያል። በ1787 የተከፈለው ዋጋ በ1861 ጦርነት ሆኖ ተመለሰ፤ የ1877ቱ ዕርቅ ደግሞ ለ1960ዎቹ የሲቪል መብት ትግል ዕዳ አስቀመጠ። ድምፅ በሌላቸው ሰዎች ኪሳራ የሚገዛ አንድነት ክፍያው ይዘገያል እንጂ አይሰረዝም።