በአየር የሚሄድ ቃል እንዳይጠፋ

ሕፃኑ ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋራ በመኰንኑ ፊት ቆሞ የመሰከረው ቃል እስከ ዛሬ ሊሰማ የቻለው፥ ጸሐፊዎች ገድሉን በብራና ጽፈው ስላቈዩት ነው። በዚሁ ቅዱስ ስም የሚጠራው የአዲስ አበባ ሰፈርና ጎረቤቱ ካዛንቺስ ግን፥ ራዲዮ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ እጅግ ብዙ ቃል ሰምተዋል፤ ይኸው ቃል በአየር መጥቶ በአየር የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ በማኅደር ካልተቀመጠ በቀር ለልጅ ልጅ አይደርስም። ይልቁንም በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተነገረውና የተዘፈነው የራሱ ታሪክ ስላለው ሊታወቅ ይገባዋል።

የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ሥራውን የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። የኢጣልያ ጦር ድንበር ሊጥስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ ግርማዊት እቴጌ መነን በራዲዮ ለዓለም ሴቶች ስለ ሰላም ተናገሩ፤ ቃላቸውንም ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝኛ ተርጕመው አሰሙ። ስለዚህ ይህ የእንግሊዝኛ ንግግር በኢትዮጵያ ራዲዮ የተሰማው ለመዝናናት ሳይሆን፥ የተጠቃ ሕዝብ አቤቱታውን ሩቅ ላለ ዳኛ ለማሰማት ነበር። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ከተመለሰ በኋላም ጣቢያው በአማርኛ፥ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ማሰማቱን ቀጠለ።

ካዛንቺስ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በወረራው ጊዜ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው። ጠላት ለራሱ ሹማምንት ያዘጋጀው ስፍራ ኋላ የብዙ ወገን እንግዳ መኖሪያ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ ሲሆን፥ የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ በዚሁ አካባቢ ተከፈተ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያ አዳራሽ ሲመሠረት፥ በከተማው ውስጥ አማርኛ የማይሰማ፥ በእንግሊዝኛ ግን ወሬና ዘፈን የሚፈልግ እንግዳ እየበዛ ሄደ።

በዚያው በ1955 ዓ.ም. የካቲት 19 ቀን የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በአዲስ አበባ ተመረቀ። እያንዳንዳቸው መቶ ኪሎዋት ኃይል ባላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ንግግሩንና መዝሙሩን በልዩ ልዩ ቋንቋ፥ በእንግሊዝኛም ጭምር፥ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ይልክ ነበር። አጭር ሞገድ ወደ ላይኛው አየር ወጥቶ እንደ ኳስ ተመልሶ ስለሚወርድ ባሕር ተሻግሮ ይሰማል። በአሥመራም አሜሪካኖች በቃኘው ጣቢያ ለወታደሮቻቸው በእንግሊዝኛ የሚያሰሙት ራዲዮ ነበራቸው፤ በዚያ የሚሰማው የአሜሪካ ዘፈን ከወታደሩ ሰፈር አጥር አልፎ ለወጣቱና ለሙዚቃ ተጫዋቹ ደርሷል።

ዳሩ ግን 1969 ዓ.ም. ለሁለቱም የመጨረሻ ዓመት ሆነ። በመጋቢት ወር ደርግ ብሥራተ ወንጌልን ወርሶ የአብዮት ድምፅ አደረገው፤ በሚያዝያም የቃኘው ጣቢያ እንዲዘጋ ታዘዘ። ያንዱ ሥራ መንፈሳዊ፥ የሌላው ወታደራዊ ነበር፤ ፍጻሜያቸው ግን በአንድ ወቅት ደረሰ። ራዲዮ የቱን ያህል ኃይለኛ ቢሆን በአንድ ቀን ትእዛዝ ዝም ሊል እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ኤፍ ኤም የሚባለው አሠራር መጣ። ይህ ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ሩቅ አይሄድም፤ በቀጥታ ስለሚጓዝ ማሠራጫው እንደ ፉሪ ካለ ከፍታ ላይ ይተከላል፤ ነገር ግን ድምፁ ጥሩ ስለ ሆነ ለዘፈን እጅግ ይስማማል። በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ተከፈተ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም የግል ጣቢያዎች ተከተሉ። ከእነዚህም አንዱ በ105.3 የሚሰማው አፍሮ ኤፍ ኤም ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ዋና ስፍራ ሰጥቶ ተነሣ። በውጭ አገር ደግሞ አስቀድሞ የተወደዱትን የሠላሳና የአርባ ዓመት ዘፈኖች ብቻ የሚያሰሙ ጣቢያዎች በየከተማው አሉ፤ አድማጩ በዘፈኑ ምክንያት የወጣትነቱን ዘመን ያስባልና።

አንዳንድ ሰው «የባዕድ ዘፈን በባዕድ ቋንቋ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ቋንቋውን ጥሎ በሰው ቋንቋ የሚኰራ ሕዝብ መሠረቱን ያናጋልና። ነገር ግን ልዕልት ፀሐይ በእንግሊዝኛ የተናገሩት ቋንቋቸውን ንቀው ሳይሆን ስለ አገራቸው ብለው ነው። የሚያስነቅፈው የሰውን ቋንቋ ማወቅ ሳይሆን የራስን ታሪክ ሳያስቀምጡ መቅረት ነው።

የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንዳይለወጥ፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንዳበጁለት ሊቃውንት ያውቃሉ። በዚህ ዘመን ምልክቱ ቴፕና ካሴት፥ ሸክላና ኮምፒዩተር ነው። ቴፕ ግን እንደ ብራና አይደለም፤ በላስቲኩ ላይ የተቀባው የብረት ዱቄት ሙጫው እየላላ ይረግፋል፤ ሙቀትና እርጥበትም ያፋጥኑታል። ስለዚህ ወደ አዲስ ዕቃ መገልበጥ አለበት።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። ሰው ቤት ሲለቅ አስቀድሞ የሚጥለው አሮጌ ራዲዮና ያረጀ ካሴት ነው። መንገድና ሕንጻ መሥራት መልካም ነገር ነው፤ የፈረሰውም ቤት በሌላ ቤት ይተካል፤ የጠፋ ድምፅ ግን ተተኪ የለውም። እንግዲህ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር መጽሐፍን እንደሚሰበስብ ሁሉ፥ የየራዲዮ ጣቢያው ኃላፊዎችም የቀረውን ድምፅ በማናቸውም ቋንቋ ቢሆን ቈጥረው፥ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጽፈው፥ ገልብጠው ማስቀመጥ ይገባቸዋል። ካህናትም በየደብሩ ያለውን የሊቃውንት ድምፅ እንዲሁ ቢያደርጉ ሥራው የአባቶቻቸው ሥራ ነው። የቂርቆስን ቃል ያቈየው ብራና ፍቆ የጻፈ ሰው ነውና፥ ለዛሬውም ድምፅ እንደዚያ ያለ ትጉህ ሰው ያስፈልገዋል።