ቸርኬ ከመቀየርዎ በፊት

ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ኤስቲአይ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ነው። ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀውም ስለ መልኩና ስለ ዋጋው ነው። በሁለት ጎማ ብቻ ለሚነዳ መኪና ይህ አካሄድ እምብዛም ላያስከፍል ይችላል። ሞተሩ አራቱንም ጎማ በሚያሽከረክርበት መኪና ላይ ግን የተሳሳተ ምርጫ ዕዳው ጎማው ላይ አያበቃም፤ እስከ ካምቢዮው ድረስ ይዘልቃል።

ምክንያቱ ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መካከል የተቀመጠው ሴንተር ዲፈረንሻል ነው። መኪናው ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ፣ ይህ ዕቃ ልዩነቱን ያቻችላል። መንገዱ ሲቀና ያርፋል። ጎማዎቹ እኩል ካልሆኑ ግን ቀጥ ባለ አስፋልት ላይም ዕረፍት የለውም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ከ2015 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስቲአይ ጎማው ላይ 245/40 አር18 የሚል ጽሑፍ አለ። 245 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 40 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 40 በመቶ መሆኑን ይነግረናል፤ 98 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 18 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው፤ ወደ ሚሊ ሜትር ሲለወጥ 457 ይሆናል። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ ሁለቴ ሲደመር፣ ጎማው በጠቅላላ 653 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቆማል። አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 487 ጊዜ ያህል ይዞራል።

አሁን ባለቤቱ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ከኋላ ሁለት አዲስ ጎማ አስገባ እንበል። የአዲሱ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር፣ ከፊት የቀረው ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የፊቱ ጎማ ዲያሜትር በ8 ሚሊ ሜትር ያንሳል። በስሌት ሲታይ የፊቱ በየኪሎ ሜትሩ 6 ዙር ያህል ከኋላው ይበልጣል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 600 ዙር። ይህን ሁሉ ልዩነት የሚሸከመው መካከለኛው ዲፈረንሻል ነው። ማንዋል ካምቢዮ ባለው ተራው ደብሊውአርኤክስ ላይ ሥራውን የሚያግዘው ቪስከስ ካፕሊንግ በወፍራም ፈሳሽ የሚሠራ ስለሆነ፣ ያለማቋረጥ ከጋለ ይበላሻል። ሲበላሽ ደግሞ ምልክት ይሰጣል፦ መሪውን እስከ ጥግ አዙረው ቀስ ብለው ሲነዱ፣ ፍሬን ሳይዙ መኪናው ይንገታገታል።

ሱባሩ ራሱ የሚፈቅደው የጎማ ዙሪያ ልዩነት ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በጥርስ ሲመነዘር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ አንዱ ጎማ ከተቀደደና የቀሩት ግማሽ ድረስ ካለቁ፣ የሚገዛው አራት ነው። አሜሪካ ውስጥ አዲሱን ጎማ ከአሮጌዎቹ ጋር እስኪተካከል ፍቀው የሚሸጡ አሉ። አዲስ ዕቃ ፍቆ መግዛት ግር ይላል፤ ካምቢዮ ከማስወረድ ግን በብዙ ይረክሳል።

ወደ ቸርኬው እንምጣ። «አምስት ቡሎን ነው፣ ይገባል» ብሎ መግዛት አያዋጣም። አሜሪካ የተሸጠው የ2004 ኤስቲአይ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ2005 ሞዴል ወደ 114.3 ተቀየረ። መኪኖቹ መንታ ይመስላሉ፣ ቸርኬያቸው ግን አይለዋወጥም። ሞዞው የሚገባበት የመሀሉ ቀዳዳ 56.1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከሰፋ በቀለበት ይሞላል፣ አለበለዚያ መሪው ይንቀጠቀጣል። ኦፍሴት የሚባለው ደግሞ የቸርኬው መታሰሪያ ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሀል ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የ2015ቱ 55 ነው። ስፋቱ ተመሳሳይ ሆኖ ኦፍሴቱ 35 የሆነ ቸርኬ ካሰሩ፣ ጎማው 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ለዓይን ያምራል፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን ፓራፋንጎውን ሊልጥ፣ ኩሽኔታውንም ቶሎ ሊጨርስ ይችላል።

በ2018 ፋብሪካው የፊት ፍሬኑን አሳድጎ ጎማውን 245/35 አር19 አደረገው። ቁመቱ ያው 654 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጎኑ ላስቲክ ግን ከ98 ወደ 86 ወረደ። በእኔ እምነት በየቀኑ መንገድ ላይ ለሚውል መኪና ይህ ጥሩ ልውውጥ አይደለም። ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬውን የሚያድነው ያ ላስቲክ ነው። ፍሬኑን አልፎ መግባቱ ከተረጋገጠ 18ቱን እመርጣለሁ።

የጎማው ዓይነት በአየሩ ይወሰናል። የበጋ የሚባለው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ይደርቅና መንገድ መያዙ ይቀንሳል። ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ ለሚኖር ሐበሻ ለክረምቱ የበረዶ ጎማ ግድ ነው፤ አራት ጎማ መነዳቱ ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይረዳም። ጎማው ጎን ላይ 97 ደብሊው ቢል፣ አንዱ ጎማ 730 ኪሎ ይሸከማል፣ እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓትም ይችላል ማለት ነው፤ ፋብሪካው ካዘዘው በታች አይውረዱ። የተሠራበትንም ጊዜ ይዩ፦ 3524 የሚል ከሆነ በ2024 በ35ኛው ሳምንት የወጣ ነው።

በጀት ከጠበበ አሮጌው ቸርኬ ይቆይና ገንዘቡ ለአራት ጥሩ ጎማ ይዋል። ጎሚስታው «ሁለት ይበቃዎታል» ካለዎት፣ ከመክፈልዎ በፊት የአራቱንም ጥርስ በመለኪያ ለክቶ ቁጥሩን ይንገርዎ።