የካታሊቲክ ኮንቨርተር ቅያሪ

ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከመኪና ሞተር የሚወጣውን መርዛማ ጋዝ ጉዳቱ ወደቀነሰ ጋዝ የሚለውጥ፣ በሞተሩና በማርሚታው መካከል የሚገጠም ክፍል ነው። አንዳንዴ «የጭስ ማጣሪያ» ቢባልም ጭሱን እንደ ወንፊት አያጣራም፤ የሚሠራው በኬሚካዊ ለውጥ ነው። ሲበላሽ በአዲስ ይተካል። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው የሞተሩ ሌላ ችግር ስለሆነ፣ ያ ችግር ሳይጠገን የተገጠመ አዲስ ኮንቨርተር እንደ አሮጌው ይበላሻል።

አሠራር

በቤንዚን መኪና ኮንቨርተር የብረት ሽፋን ውስጥ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ የበዛበት የሴራሚክ አካል አለ። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም በስሱ ይለበጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ እዚህ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ደግሞ ወደ ናይትሮጅን ይለወጣሉ። ለውጡ በደንብ የሚጀምረው ክፍሉ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ነው።

በአሜሪካ በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ላይ መገጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1975 ሞዴል ወዲህ ነው። እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን የከበሩትን ብረቶች ሸፍኖ ሥራ ስለሚያስፈታቸው፣ ለእነዚህ መኪኖች እርሳስ የሌለው ቤንዚን ግድ ሆነ።

የብልሽት መንስኤ

ካንዴላ ወይም ኮይል ተበላሽቶ አንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲቀር፣ ነዳጁ ወደ ኮንቨርተሩ አልፎ እዚያ ይቃጠላል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሴራሚኩ ቀልጦ መንገዱን ይዘጋል፤ ጭሱ መውጫ ስለሚያጣም መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ፋሻው ያለቀ፣ ዘይት የሚበላ ሞተር ደግሞ በዘይቱ ውስጥ ባለው ፎስፈረስ ልባጡን ቀስ በቀስ ይሸፍነዋል። የራዲያተር ፈሳሽ ወደ ሲሊንደር ሲገባም ተመሳሳይ ጉዳት ይደርሳል።

ምርመራ

ከኮንቨርተሩ በፊትና በኋላ የኦክስጅን ሴንሰሮች አሉ። ኮንቨርተሩ ደህና ከሆነ የኋለኛው ንባብ የተረጋጋ ነው፤ እንደ ፊተኛው መዋዠቅ ከጀመረ ኮምፒውተሩ «ቼክ ኢንጅን» የሚባለውን መብራት አብርቶ ፒ0420 የሚለውን ኮድ ይመዘግባል። ኮዱ ለቅያሪ በቂ ማስረጃ አይደለም። ከሴንሰሩ አጠገብ የተቀደደ ቱቦ አየር ሲያስገባ፣ ወይም ሴንሰሩ ራሱ ሲደክም፣ ያው ኮድ ሊመጣ ይችላል። መዘጋቱ የሚረጋገጠው የፊተኛውን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ በመግጠም ነው። በቀስታ ሲመታ ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ሴራሚኩ ተሰብሯል።

አቀያየር

ሥራው የሚጀመረው ቱቦው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ላይ መቆም አለበት። የሴንሰሩ ሶኬት ይነቀላል፤ የዛጉት ቡሎኖች ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተረጭቶባቸው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ይፈታሉ። እዚህ ላይ መቸኮል ቡሎን ይሰብራል። አዲሱ ኮንቨርተር ላይ ያለው ቀስት ጭሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዞራል፤ ጋርኒሲዮኑም በአዲስ ይተካል። ለሴንሰር ተስማሚ ያልሆነ ሲሊኮን እንደ ማሸጊያ መጠቀም አይገባም፤ ትነቱ ሴንሰሩን ያበላሻል።

አንዳንድ ጋራዦች ቅያሪውን ትተው የኮንቨርተሩን ሆድ ዕቃ ያወጣሉ። መዘጋቱ ይወገዳል፣ መርዛማው ጋዝ ግን እንዳለ ይወጣል፤ ሁለተኛ ሴንሰር ባለው መኪና ላይም መብራቱ ተመልሶ ይበራል። አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች ይህ በሕግ የተከለከለ ነው።

ከቅያሪው በኋላ ኮዱ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ አዲሱን ዕቃ መርምሮ ለመጨረስ ግን መኪናው ደጋግሞ መነዳት አለበት። አሮጌው ኮንቨርተር በውስጡ ባሉት የከበሩ ብረቶች ምክንያት ዋጋ ስላለው ለመልሶ መጠቀሚያ ይሸጣል፤ ከቆሙ መኪኖች ሥር በሌቦች የሚቆረጠውም ለዚሁ ነው።